ኡም ራኩባ ላይ ድንጋዩን ማን ያቆማል?

በሱዳን መንገድ ያለቁት ወገኖቻችን መታሰቢያ ኢየሩሳሌም ላይ ቆሟል። መቃብራቸው ግን 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ምልክት ሳይኖረው ቀርቷል። ቦታውን በዓይናቸው ያዩት ሰዎች ደግሞ እያረጁ ነው።

በኖቬምበር 2020 አንድ ምሽት አያቴ ቤት ቁጭ ብለን ዜና እናይ ነበር። በትግራይ ጦርነት ተነስቶ ሰው የተከዜን ወንዝ እየተሻገረ ሱዳን ይገባል። ልጅ ያዘለች፣ ፍራሽ የተሸከመ፣ ባዶ እጁን የመጣ። እማማ (አያቴን እንዲህ ነው የምጠራት) ቡና እያፈላች በግማሽ ጆሮዋ ነበር የምትሰማው። ጋዜጠኛው ስደተኞቹ የሚሰፍሩበትን ጣቢያ ስም ሲጠራ ግን ጀበናውን አስቀምጣ ብድግ አለች።

«ምን አለ? ኡም ራኩባ አለ?»

ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግታ ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። ከድንኳኖቹ ጀርባ ኮረብታ ይታያል።

«ያውና ኮረብታው። እዚያው ነው ያለው። ልጄን የቀበርናት ከእሱ ወዲህ ነው።»

እናቴ ታናሽ እህት እንደነበረቻትና ሱዳን ላይ እንደሞተች አውቅ ነበር። ግን እኛ ቤት ይህ ነገር በሁለት ቃል ነበር የሚያልቀው፦ «ሱዳን ቀረች»። የት ቀረች? ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እዚህ ተወልጄ ላደግሁት ለእኔ ሱዳን አገር ሳትሆን የሐዘን ስም ነበረች። መቃብሩ ቦታ እንዳለው፣ አጠገቡ ኮረብታ እንዳለ የሰማሁት ያን ምሽት ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። አደጋ በደረሰበት ቦታ ሐውልት ይቆማል፤ የሰው ልጅ ሁሉ ልማድ ነው። የእኛ አደጋ የደረሰበት ቦታ ላይስ ማን ያቆማል?

ያልተቆጠሩ ሙታን

በሱዳን መንገድ ያለቁት ቤተ እስራኤላውያን ወደ 4,000 ይጠጋሉ ይባላል። «ይባላል» የምለው ቆጥሮ የያዘ ስለሌለ ነው። ቁጥሩ የተገኘው በኋላ፣ ከተረፉት ሰዎች አፍ ተጠያይቆ ነው። መንገድ ላይ የሞተ ሁሉ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። መዝገብ የሚይዝም አልነበረም፤ ጉዞው ራሱ ምስጢር ነበርና።

ፈረደ አክሉም ከሱዳን የላካቸው ደብዳቤዎች መንገዱን ከከፈቱ በኋላ፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሰዎች ከትግራይና ከወልቃይት፣ በኋላም ከጎንደር ዙሪያ መንደሮች ተነስተው በእግራቸው ሄዱ። ቀን ተደብቀው ሌሊት የተጓዙ ብዙ ናቸው። የሳምንታት መንገድ ነው፤ የወር መንገድ የሆነበትም አለ። ሽፍታ ዘረፋቸው፣ ውሃ ጥም ጣላቸው፣ ነፍሰ ጡሮች በረሃ ላይ ወለዱ። ሱዳን መግባት የመከራው መጨረሻ መስሏቸው ነበር፤ ብዙው ሰው ያለቀው ግን በመጠለያዎቹ ውስጥ ነው።

1984 ከሁሉም የከፋ ነበር። በዚያው ዓመት ድርቁ ያፈናቀላቸው ሌሎች ኢትዮጵያውያንም በብዙ መቶ ሺህ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ይጎርፉ ነበር። ውሃ አነሰ፣ ቦታ ጠበበ። ኩፍኝ፣ ወባና ተቅማጥ መጀመሪያ የወሰዱት ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ነው። ከኖቬምበር 21 ቀን 1984 ጀምሮ «የሙሴ ዘመቻ» ከ6,000 በላይ ሰዎችን በአውሮፕላን አወጣ። በጃንዋሪ 1985 መጀመሪያ ላይ ወሬው ጋዜጣ ላይ ስለወጣ ሱዳን በረራውን አስቆመች፤ የቀረውም ቀረ። እናቴ ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነበር። አውሮፕላኑ ላይ የወጣችው እህቷ በተቀበረች በሁለተኛው ወር ነው።

ሌላም ሸክም ነበረ። ሱዳን የእስራኤል ጠላት አገር ስለነበረች ይሁዲ መሆን መደበቅ ነበረበት። በመንደራችን ሰው ሲሞት ሥርዓት አለው። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቄሱ ይጸልያሉ፣ ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ከመንደር ውጭ ይቆያል፣ በኋላ ተስካር ይወጣል። መጠለያ ውስጥ ግን ይህ ሁሉ ማንነትን ያጋልጣል።

«ድምፄን አውጥቼ አላለቀስኩም» አለችኝ እማማ። «አያትሽ ከሁለት ሰዎች ጋር በሌሊት ይዘዋት ሄዱ። እኔ ሌሎቹን ልጆች ታቅፌ ቁጭ አልኩ። ሲነጋ ውሃ ልቀዳ እንደሚሄድ ሰው እንስራዬን ይዤ አለፍኩና አፈሩን አየሁት። ትንሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በዚያ በኩል ነበር ውሃ የምቀዳው፣ ቢርቅም።»

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ስሰማ እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ። ጋዜጠኛ መሆን ከልጅ ልጅነት በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ኢየሩሳሌም ላይ ያሉ ጎጆዎች

መታሰቢያ የለንም ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያው የቆመው በራሳችን ሰዎች ጥያቄና ልፋት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከኢየሩሳሌም ደቡብ፣ ራማት ራሔል አጠገብ ዛፍ ተተክሎ፣ ሰው በየዓመቱ እዚያ እየተሰበሰበ ሙታኑን ማሰብ ጀመረ። ገና ዕብራይስጥ ያልቻሉ፣ በመጠለያ ካራቫን የሚኖሩ ሰዎች ናቸው ይህን ያደረጉት። ለራሳቸው ቤት ሳያገኙ ለሙታናቸው ቦታ ፈለጉ።

መንግሥት ጉዳዩን የራሱ ያደረገው ዘግይቶ ነው። ዛሬ ሥርዓቱ መንግሥታዊ ነው፤ በየዓመቱ ኢያር 28፣ በኢየሩሳሌም ቀን፣ በሄርጽል ተራራ ይደረጋል። ሐውልቱም እዚያው በ2007 ተመረቀ። የመንደር ጎጆ ቅርጽ አለው፤ የተጓዦች ምስክርነትም ተቀርጾበታል። ቄሶቻችን ጥላቸውን ይዘው ይቆማሉ፣ በግዕዝ ይጸልያሉ፣ ካዲሽ ይባላል፣ የአገሪቱ መሪዎች ይናገራሉ። እናቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያነባሉ። በሱዳን ያልተለቀሰው ለቅሶ እዚህ፣ በወታደር ክብር ዘብ ፊት፣ በሙሉ ድምፅ ይለቀሳል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ ዓሊያችን የተማርነው ሁሉ ስለ አውሮፕላን ነበር። አውሮፕላኑ መጣ፣ ሰዎቹ ዳኑ፣ አለቀ። በእግሩ የመጣ ሰው፣ ልጁን ቀብሮ የመጣ ሰው በዚያ ታሪክ ውስጥ አልነበረም። አገሪቱ ጀግኖቿን በምትቀብርበት ተራራ ላይ ያ ድንጋይ ሲቆም፣ እነዚህ ሰዎች ለመዳን የጠበቁ ብቻ ሳይሆኑ ወደ ጽዮን ሲሄዱ የወደቁ መሆናቸው በይፋ ተነገረ።

ቀኑም በምክንያት ነው የተመረጠው፤ የኢየሩሳሌምን ስም እየጠሩ ነው የሞቱት። ግን በዚያው ቀን ከተማው ባንዲራ ይዞ ይጨፍራል። እናቶቻችን ከሥርዓቱ ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ከሚዘፍኑ ወጣቶች ጋር ይቀመጣሉ። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ብቻ እማማ ባለፈው ዓመት በመስኮቱ እያየች «እነሱ ደርሰዋል፣ ደስ ይበላቸው» ያለችውን አልረሳሁም።

ቦታው ለምን ያስፈልጋል?

አንድ ጓደኛዬ «ሐውልት አለ፣ ቀን አለ፣ ሥርዓት አለ፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ሰዎች ሐዘን ሲደርስባቸው የሚያደርጉትን በማየት ነው።

ከኦክቶበር 7 በኋላ የኖቫ ፌስቲቫል የተደረገበት የሬዒም ሜዳ ምን እንደሆነ አይተናል። ማንም ንድፍ አውጥቶ፣ ኮሚቴ አቋቁሞ እስኪጨርስ አልተጠበቀም። ቤተሰቦች የልጆቻቸውን ፎቶ በእንጨት ላይ አድርገው እዚያው መሬት ላይ ተከሉ። በጃንዋሪ 2024 በቱ ቢሽቫት ሰሞን ከቀረን ቀየመት ጋር ሆነው ዛፍ ተከሉ። አንዲት እናት ልጇ የወደቀበትን ቦታ በጫማዋ ረግጣ ቆማ «እዚህ ነው» ማለት ትፈልጋለች። ቴል አቪቭ ውስጥ ምን ያህል ያማረ ሐውልት ቢሠራ ያን «እዚህ» አይተካውም።

ወደ ኢትዮጵያም ብንሄድ ያው ነው። ማርች 10 ቀን 2019 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ፤ ሁለቱ እስራኤላውያን ነበሩ። ሙሉ አስከሬን ስላልተገኘ ለቤተሰቦች ከቦታው የተዘገነ አፈር ተሰጣቸው። ከ35 አገር የመጡ ሟቾች ቤተሰቦች የገበሬ ማሳ ላይ ቆመው አፈር ተቀበሉ። ያ አፈር ለእነሱ ሰው ነው።

እማማ አፈር እንኳ የላትም። ያላት አንድ ኮረብታ ነው፣ እሱንም በቴሌቪዥን ነው ያየችው።

ኡም ራኩባ ዛሬ

ታዲያ ለምን ሄደን ድንጋይ አናቆምም? ለአጭር ጊዜ የሚቻል መስሎ ነበር። በጃንዋሪ 2021 ሱዳን የአብርሃም ስምምነትን መግለጫ ስትፈርም በየቤታችን «እንግዲህ መቃብራችንን እናያለን» የሚል ተስፋ ተሰማ። እማማ ፓስፖርቷን አውጥታ ቀኑ ማለፉን አለማለፉን ስታይ ደርሼባታለሁ። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ግን ሱዳን ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። ዛሬ ሱዳናውያን ራሳቸው በሚሊዮን ተፈናቅለዋል። ገዳሪፍም ስደተኛ የሚሸሽባት ሳትሆን ከካርቱም የሸሸው ሱዳናዊ የተጠጋባት ከተማ ሆናለች።

ኡም ራኩባም ባዶ ሜዳ አይደለም። ከኢትዮጵያ ድንበር 70 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ይህ ቦታ በ1980ዎቹ ወላጆቻችንን እንዳስጠጋ፣ በ2020 እንደገና ተከፍቶ ወደ 20,000 የሚጠጉ ከትግራይ የሸሹ ሰዎችን ተቀበለ። እዚያ ልጆች ተወልደዋል፣ ሰዎችም ሞተዋል። እማማ በየቀኑ ውሃ ስትቀዳ ታልፍበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ የሌላ ሰው ድንኳን ተተክሎ ሊሆን ይችላል። ያን ስነግራት የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። «ታዲያ የት ይሂዱ?» ነው ያለችኝ። «እኛም እኮ እንደነሱ ነበርን። ብቻ ልጆቻቸውን ውሃ አፍልተው ያጠጧቸው።»

ስለዚህ ሐውልቱ ምን እንዲመስል እንደምንፈልግ ከአሁኑ ማሰብ አለብን ብዬ አምናለሁ። ሰላም ሲመጣ ትልቅ ግንብ ይዘን ሄደን ከድሃ ሰው መሬት ላይ አጥር ማጠር የለብንም። በ1984 እዚያ የሞተው የእኛ ሰው ብቻ አይደለም፤ ያው ኩፍኝ የክርስቲያኑንም የእስላሙንም ልጅ ወስዷል፣ በአንድ መሬት ተኝተዋል። የሚያስፈልገው አንድ ድንጋይ ነው። ግን ድንጋዩ ላይ ያኔ በሕይወታቸው ሊናገሩት ያልቻሉት ይጻፍ፦ ቤተ እስራኤል መሆናቸው፣ ወደ ኢየሩሳሌም ይሄዱ እንደነበር። ማንነታቸውን ደብቀው ተቀበሩ፤ ማንነታቸውን ሳይደብቁ ይታሰቡ። ከጎኑ ደግሞ የጉድጓድ ውሃ ቢኖር፣ የሚጠጣው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ከእብነ በረድ ይበልጣል።

ቪዛ የማይጠይቀው ሥራ

ያ ቀን መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። በሩ ሲከፈት ግን ማን ቦታውን ያሳያል? ይህ ነው የሚያስጨንቀኝ። በ1984 ሠላሳ ዓመት የነበረ ሰው ዛሬ ሰባ አልፎታል። በሌሊት ሬሳ ተሸክመው የሄዱት ወንዶች አብዛኞቹ ያኔም ጎልማሶች ነበሩ። አክስቴን ይዞ የሄደው አያቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እኔ ምንም ሳልጠይቀው። አብረውት ከሄዱት ሁለት ሰዎች አንዱ በሕይወት የለም፣ ሌላው ደግሞ ልጆቹን እንኳ በቅጡ መለየት ተስኖታል።

ድንጋዩ ነገም ሊቆም ይችላል። ድንጋዩ ላይ የሚጻፈው ስም ግን የሚገኘው ዛሬ ብቻ ነው።

ስለዚህ ባለፈው ክረምት ከእማማ ጋር ቁጭ ብለን ካርታ ሣልን። በጥያቄ ጀመርኩ፣ ብዙም አልሄደልኝም፤ «የት ነበር?» ስላት «ሱዳን» ትላለች። በኋላ ነው የገባኝ። ቦታን በአቅጣጫ ሳይሆን በሥራ ነው የምታስታውሰው። «እማማ፣ ጠዋት ስትነሺ መጀመሪያ ወዴት ነበር የምትሄጂው?» አልኳት። ከዚያ በኋላ አላቆመችም። ውሃው በዚህ በኩል፣ የእህል ወረፋው እዚያ ጋ፣ ሐኪሙ ድንኳን ከወረፋው አልፎ፣ የወልቃይት ሰዎች የሰፈሩት በላይ፣ እኛ በታች። ኮረብታው ጀርባ ፀሐይ የምትጠልቅበትን፣ እንጨት የሚለቀምበትን ሁሉ አሳየችኝ። በመጨረሻ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችና አንዲት ትንሽ ነጥብ አደረገች። ከዚያ ሦስት ሌሎች ነጥቦች ጨመረች። «ይቺ የጎረቤታችን እናት ናት። እነዚህ ሁለቱ መንታ ናቸው፣ የአክስትሽ ባል ወንድም ልጆች።»

አንድ ልጅ ልፈልግ ሄጄ አራት ሰው አገኘሁ። የመንታዎቹ ዘመዶች ዛሬ ከእኛ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ ርቀው ይኖራሉ፤ መቃብሩ የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አለ ብለው አስበውም አያውቁም ነበር። ስደውልላቸው ስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ሆነ።

ይህን ሥራ ለመሥራት ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም። ስልክና አንድ ከሰዓት ይበቃል። የሟቹን ስም፣ የአባቱንና የእናቱን ስም፣ የመጣበትን መንደር፣ የሞተበትን ቦታ፣ ኡም ራኩባ ይሁን ተዋዋ ወይም መንገድ ላይ፣ ማን እንደቀበረው፣ በአካባቢው ምን እንደነበረ ጠይቁ። ወሩን ካላስታወሱ በበዓል ጠይቋቸው፦ ከፋሲካ በፊት ነው በኋላ? ከስግድ በፊት ነው በኋላ? በአማርኛም በትግርኛም የሚናገሩትን ራሱን ቅዱ፤ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል። «አላስታውስም» ካሉ አትጫኑ፤ በሌላ ቀን ቡና ይዛችሁ ተመለሱ። እንቢ ካሉም አክብሩ። አርባ ዓመት የተዘጋ በር በአንድ ጊዜ አይከፈትም።

የቀዳችሁትንም ለቤተሰብ ብቻ አታስቀሩት። የኢትዮጵያ ይሁዲዎች ቅርስ ማዕከልን የመሰለ ተቋም ያለን ለዚህ ነው። ሐውልት የሚሠራው ከድንጋይ በፊት ከመዝገብ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ከሌለን ነገ በሩ ቢከፈት እንኳ ባዶ ድንጋይ ይዘን ነው የምንሄደው።

ወደ ደቡብ

የአክስቴን ስም እዚህ ልጽፍ ነበር። እማማ አልፈቀደችም። «ጋዜጣ ነገ ይጣላል» አለች። «መጀመሪያ ድንጋይ ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ የፈለግሽበት ጻፊው።» ስለዚህ ስሟ ካርታው ጀርባ ላይ፣ በእማማ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።

ባለፈው ኢያር ሄርጽል ተራራ ላይ ሥርዓቱ አልቆ ሰው ሲበተን እማማ ከቦታዋ አልተነሳችም። «ሱዳን በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስልኬን አውጥቼ አየሁ። ገዳሪፍ ከኢየሩሳሌም በቀጥታ ለማለት ይቻላል ወደ ደቡብ ነው፤ ወደ ምሥራቅም ወደ ምዕራብም እምብዛም አይልም።

«በዚህ በኩል» አልኳት በእጄ እያሳየሁ።

«እዚያ እያለን ስንጸልይ ፊታችንን ወደዚህ ነበር የምናዞረው» አለችኝ። ከዚያ ምርኩዟን ይዛ ተነሳች፣ ጀርባዋን ለመድረኩ ሰጠችና ወደ ደቡብ ዞራ ቆመች። ብዙ ቆየች። እኔም አጠገቧ ቆምኩ።

አውቶቡሱ ጥሎን ሄደ። ቀጣዩን ጠበቅን።